ሊቀ አትንኩት ዓምደ ሚካኤል

በዚህ ከተማ አንድ «አትንኩት» የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ሕንፃው አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ወንበሮቹም ገና ላስቲካቸው ያልወለቀ ሊሆኑ ይችላሉ። ወደ ውስጥ ዘልቃችሁ ስትጠይቁ ግን ሥራው ሁሉ የተንጠለጠለው ጥግ ላይ በተቀመጠ፣ አቧራ በለበሰ፣ ማንም በማይደፍረው አንድ ዕቃ ላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዕቃው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ «አትንኩት» ይላል። የጻፈው ሰውዬ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ስልኩ ግን ክፍት ነው።

እናንተም ታውቁታላችሁ። የኮንዶሚኒየሙን የውሃ ፓምፕ በጫማው ጫፍ መትቶ የሚያስነሳው እሱ ነው። የትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር በየትኛው ጆሮው እንደሚሰማ የሚያውቀው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ነገሩ አይሠራም፤ እሱ ካለ ደግሞ ሌላ ሰው አይሠራም። «ተወው፣ እኔ አውቀዋለሁ» ሲል ድምፁ ውስጥ ያለውን እርካታ የትም ብትሄዱ አትስቱትም።

ለእኔ የደረሱኝ ክቡርነታቸው ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፦ ሊቀ አትንኩት። ስንተዋወቅ ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ክረምት ከበጋ አንድ ካኪ ጃኬት ይለብሳሉ፤ በደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ ይሰኩበታል። ከሦስቱ የሚጽፈው አንዱ ብቻ ሲሆን የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጡረታ የወጡት ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ሽኝት ተደርጎላቸው፣ ጋቢ ተሸልመው፣ ንግግር አድርገው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደውለው «ይሠራል?» አሉ።

የሚሉት ስለ ቀማሪው ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ክሊኒኩ ትንሽ ልንገራችሁ።

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የሚከታተል አንድ ክሊኒክ አለ። ወደ ሦስት ሺህ ሰው በወር በወር እየመጣ መድኃኒት ይወስዳል። ሁሉም የራሱ ቀን አለው። አንዷ ወር በገባ በአንድ፣ አንዱ በዐሥራ ሁለት፣ ሌላው በሃያ አንድ ይመጣል። መስኮቱ ላይ የካርድ ቁጥሩን ሲሰጥ ኮምፒውተሩ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የስንት ቀን ክኒን እንደሚያስፈልገው ያሰላና ትንሽ ወረቀት ያወጣል። የመድኃኒት ክፍሉ በርናባስ ወረቀቱ ያለውን ያህል ቆጥሮ በፖስታ ይሰጠዋል። ይህን ስሌት የሚሠራው ፕሮግራም ነው ቀማሪ የሚባለው። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል በ1992 ዓ.ም. ብቻቸውን ጽፈውታል፣ ስሙንም ራሳቸው አውጥተውለታል።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር እየሩስ በመጀመሪያው ቀን አስቀምጠውኝ የነገሩኝ አንድ ነገር ነው። «ፌበን፣ ሌላ ቦታ ስትሳሳቺ ወረቀት ትቀይሪያለሽ። እኛ ዘንድ ክኒኑ ሁለት ቀን ከጎደለ አንድ ሰው መንገድ ላይ ይወድቃል። መኪና በሚሄድበት መንገድ ላይ።» ይህን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፌ እንደ ድሮው አልሆነም።

የኮምፒውተር ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ደክሞኛል። መድከሜን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ኋላ ለሠራሁት ስህተት ምክንያቱ እሱ ስለሆነ ነው። ድርጅታችን ለክሊኒኩ አዲስ ሥርዓት ይሠራ ነበር። ካርዱ፣ ቀጠሮው፣ ላቦራቶሪው ሁሉ አዲስ ሆነ። ቀማሪው ብቻ ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። የእኔ ሥራ አዲሱን ሥርዓት ከቀማሪው ጋር ማነጋገር፣ በመካከላቸው ድልድይ መሥራት ነበር። የፕሮጀክቱ አለቃ ፊራኦል መጀመሪያ «ፌቢ፣ ሪራይት እናድርገው፣ እንደ አዲስ እንጻፈውና እንገላገል፤ መደመር ነው እኮ የሚሠራው» ብሎ ነበር። ሲስተር እየሩስ እምቢ አሉ። «ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቁ ነው የምትጥሉት?» አሉት።

እውነታቸውን ነው፤ ውስጡን አናውቅም። የተጻፈበት ኮድ ፍሎፒ ላይ ነበር። ፍሎፒው አለ፤ የሚያነበው ማሽን ነው የጠፋው። የቀረን የተዘጋ ፋይል ነው፦ ትጠይቁታላችሁ፣ ይመልሳል፣ ለምን እንደዚያ እንደመለሰ ግን አይናገርም። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል «ሙሉው ኮድ ታትሞ ቤቴ አለ፤ ነይና እይው» ብለውኛል። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሰባት ጊዜ። ቤታቸው ግን ከፈረንሳይ ሠፈር በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ ነው። ሰባቱንም ጊዜ «እሺ ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት» አልኳቸው።

አዲሱና አሮጌው የሚለያዩት በዕድሜ ብቻ አይደለም። አዲሶቹ ቋንቋዎች የተንደላቀቁ ናቸው፤ የወሰዳችሁትን ስትጨርሱ ባለበት ትተዉታላችሁ፣ ኋላ ራሱ ሥርዓቱ እየዞረ ይሰበስበዋል። ቀማሪው ግን ሌላ ሥነ ሥርዓት ለምዷል። ከእሱ አንድ ነገር ስትወስዱ ያንን ይይዝባችኋል፤ ስትጨርሱ «ጨርሻለሁ» ብላችሁ ራሳችሁ መመለስ አለባችሁ። ካልመለሳችሁ ቦታውን ሳይለቅ ይጠብቃችኋል። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። አውቀዋለሁም ብዬ ነበር።

ድልድዩ በተሞከረ በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩ ከጠዋት ጀምሮ እየተንፏቀቀ ስድስት ሰዓት ላይ ጭራሽ ቆመ። ምክንያቱን ስፈልግ ስልኬ ጠራ።

«መለስሽ?» አሉ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል።

«ምኑን ጋሼ?»

«ከቀማሪው የወሰድሽውን። ስትጨርሺ መልሺው አላልኩሽም?»

ከአራት ሺህ በላይ ያልመለስኩት ነገር ተከማችቶ ነበር። ኮምፒውተሩ መቆሙን ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላውቅም።

እሳቸው ራሳቸው የሚኖሩት በዚሁ ሕግ ነው። ስልክ ቀድመው አይዘጉም። ጨዋታው አልቆ፣ ደህና ዋዪም ተብሎ፣ እናንተ እስክትዘጉ ድረስ ትንፋሻቸው ይሰማችኋል። ጃንጥላ ካዋሳችኋቸው ዝናቡ ሳያቆም ይመልሱላችኋል። አንድ ጊዜ እስክሪብቶዬን አውሻቸው ሳልቀበል ስለሄድኩ፣ ከፈረንሳይ መገናኛ ድረስ ወርደው አመጡልኝ። ያ እስክሪብቶ ቀለሙ አልቆ ነበር።

ሁለተኛው ጣጣ ተራ ነው። ክሊኒኩ አራት መስኮት አለው፤ አዲሱ ሥርዓትም አራቱን በአንዴ ያስተናግዳል። ቀማሪው ግን ሁለት ሰው እኩል ሲጠይቀው ለሁለቱም አይመልስም። ዝም ይላል። ሁለት ቀን ስታገል ከርሜ በመጨረሻ ጠያቂዎቹን አንድ በአንድ የሚያስገባ ወረፋ ሠራሁለት። ለጋሽ ዓምደ ሚካኤል ስነግራቸው ደስ አላቸው። «ልክ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያናግረው አንድ ሰው ነው» አሉ። በሳምንቱ ቢሮ መጥተው ፊራኦልና እኔ እኩል ስናወራባቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ዝም አሉ። መነጽሩን መልሰው ያደረጉት ፊራኦል ካቆመ በኋላ ነው።

እነዚህን ሁሉ እችላቸው ነበር። ያልቻልኩት ሦስት ሰዓቱን ነው።

በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይደውላሉ። እኔ የምኖረው አያት ሠፈር ነው፤ በዚያ ሰዓት ባቡሩ ውስጥ ነኝ፣ አንድ እጄ ብረቱን ይዟል፣ ሌላው እጄ የት እንዳለ አላውቅም። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ይጮኻል። ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። እንደምንም ብዬ አነሳዋለሁ።

«ስንት አለ?»

«ሠላሳ፣ ጋሼ።»

«ጥሩ።»

ከዚያ ትንፋሽ። እስክዘጋው ድረስ።

ሐምሌን በሙሉ እንዲህ ነው የዘለቅነው። ሁልጊዜ ከቢሮ ከመውጣቴ በፊት ቀማሪውን በዕለቱ ቀን ጠይቄ ሠላሳ እንደሚል አይቼ እወጣለሁ፤ እሳቸው ደግሞ በማግስቱ ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ሲስተር እየሩስን «እኚህ ሰውዬ ሌላ ጉዳይ የላቸውም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሲስተር ሳቁና «እኔንም ሁለት ዓመት ደውለውልኛል። አንቺ ስትመጪ ነው ያረፍኩት» አሉኝ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ትልቁን ፈተና አደረግሁ። ካለፉት ዓመታት አምስት መቶ የድሮ ቀጠሮዎችን አወጣሁ፣ በድልድዩ በኩል ቀማሪውን አንድ በአንድ ጠየቅሁት። አራት መቶ ሃምሳ ዘጠኙን «ሠላሳ» አለ። አርባ አንዱን ግን አላለም። ሠላሳ ሁለቱ ላይ «ሠላሳ አምስት» አለ። የቀሩት ዘጠኙ ላይ «ሠላሳ ስድስት»።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ የእኛ ሙያ ሰው ወዲያው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ድልድዩ ያፈሳል። አዲሱና አሮጌው ቁጥር ሲቀባበሉ ከኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ የሌላ ነገር ቁራጭ ተደርቦ እየመጣ ነው። ቀድሞውኑ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ሦስተኛው ይኸው ነው አልኩ። አራት ቀን ሙሉ የራሴን ሥራ ፈትቼ ገጠምኩት። ቁጥሮቹ ንቅንቅ አላሉም፤ ያው አርባ አንዱ፣ ያው ሠላሳ አምስት፣ ያው ሠላሳ ስድስት።

ዝርዝሩ በካርድ ቁጥር የተደረደረ ነበር፣ ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ነው የሚያስበው። በቀን ቅደም ተከተል ብደረድራቸው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይገባኝ ነበር። አልደረደርኳቸውም። በርናባስን ብጠይቀውም ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅሁትም። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ቤት ያለውን ወረቀት ማየትማ ይቅር፤ ዳገቱን ሳስበው «በዚህ ሳምንት» እላለሁ።

ፊራኦል ውሉን ገልጦ አሳየኝ። «እይ፣ ‹ወርሃዊ መድኃኒት ማለት የሠላሳ ቀን ነው› ይላል። ተፈርሟል። ከሠላሳ ከወጣ ሠላሳ አድርጊዋ፤ ምንድን ነው ችግሩ?»

አንድ መስመር ጻፍኩ። ቀማሪው ምንም ይበል ምን፣ ከሠላሳ በላይ ከሆነ ድልድዩ ሠላሳ ብሎ ያሳልፋል። ፈተናውን መልሼ ሳስኬደው አምስት መቶውም አረንጓዴ ሆነ፤ ሁሉም አለፈ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተኛሁ።

ነሐሴ አንድ ቀን 2016 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። ሥርዓቱን የምናስጀምረው በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ደርሼ ነበር፤ ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁት።

«ስንት አለ?»

«ሠላሳ!» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

«ጥሩ» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም።

«ዛሬን ነው የጠየቅሽው?»

«ዛሬን ነው ጋሼ።»

«እንደገና ጠይቂው።»

ጠየቅሁት። «ሠላሳ ነው።»

ከዚያ ቀስ ብለው «ማን ነው የነካው?» አሉ።

«ቀማሪውን ማንም አልነካውም» አልኩ። ይህ ውሸት አልነበረም፤ የነካሁት የራሴን ድልድይ ነው። ግን ስናገረው ጆሮዬ ጋለ።

«ነይ» አሉ።

«ጋሼ፣ ነገ እኮ ሥራ የምንጀምርበት ቀን ነው።»

«ለዚሁ ነው ነይ የምልሽ።»

አልዘጉም። እኔ ዘጋሁት።

ሁለት ታክሲ ቀይሬ ፈረንሳይ ደረስኩ። ዝናቡ አካፍቷል። ከአስፋልቱ መጨረሻ በላይ መንገዱ ጭቃና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ አንድ እርምጃ ሲወጡ ግማሹን ይመልሳል። ክቡርነታቸው ጥቁር ጃንጥላ ይዘው፣ ብብታቸው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሸጉጠው ቆመው ይጠብቁኛል። ፍልሰታ የገባው ያን ዕለት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መምጣታቸው ነበር፣ ነጠላው ከካኪው ጃኬት በላይ ነው። ወደ ቤታቸው የሚታጠፈውን መንገድ ትተው ሽቅብ ቀጠሉ።

«ቤት አይደለም እንዴ የምንሄደው?»

«መጀመሪያ ሰው እናያለን።»

ወደ እንጦጦ ፓርክ በሚወጣው መንገድ ዳር አንዲት ሴት በላስቲክ ዳስ ሥር በቆሎ ትጠብሳለች። አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት ዓመት ይሆናታል። ከሰሉን የምታራግበውም፣ በቆሎውን የምታገላብጠውም በቀኝ እጇ ነው። ግራ እጇ ከአንጓው በታች ተኮማትሯል፤ ሦስቱ ጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ድሮ የተቃጠለ እጅ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አመጡ?» አለች።

«ቀማሪውን የያዘችው ልጅ ናት፤ ፌበን ትባላለች። የማርያምወርቅ፣ ዛሬ ሄደሽ ነበር አይደል?»

«ልደታ አይደል እንዴ? ቀኔ ነው፣ በጠዋቱ ሄጄ መጣሁ።» ከመቀነቷ ውስጥ የመድኃኒቱን ፖስታ አውጥታ ሰጠችኝ። አሮጌው ሥርዓት በሥራ ላይ የዋለበት የመጨረሻ ቀን ነበር። ወረቀቱ ላይ «35» ይላል።

«ለምን ሠላሳ አምስት?» አልኩ።

የማርያምወርቅ ከሌላ አገር እንደመጣሁ አድርጋ አየችኝ። አንድ በቆሎ አንስታ፣ አመዱን አራግፋ ሰጠችኝና «ቀጣዩ ልደታ መቼ ነው?» አለች።

«መስከረም አንድ።»

«እስከዚያ ስንት ቀን አለ?»

ነሐሴ ሠላሳ ቀን፣ ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ መስከረም ልል ስል ታወሰኝ። ጳጉሜ።

እዚያው ጭቃ ላይ በቆሎ ይዤ ቆምኩ። አምስት ቀን። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን። ሠላሳ ስድስቶቹ ዘጠኙ የ2015 ነሐሴ ናቸው። ድልድዬ ምንም አያፈስም ነበር። ለአራት ቀን ስጥለው የነበረው ቁጥር በሙሉ ትክክል ነው፤ ስህተቱ አረንጓዴ ያደረግሁት አምስት መቶው ነው። ከነገ ጀምሮ በነሐሴ የሚመጣ ሰው ሁሉ አምስት ክኒን ጎድሎት ሊሄድ ነበር።

ይህ የእኛ ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ዓመቱ ዐሥራ ሦስት ወር መሆኑን እናውቃለን፣ ለእንግዳ እንኮራበታለን። ከዚያ ደሞዝ የማይገባበት፣ ኪራይ የማይጠየቅበት ወር ስለሆነ ጭራሽ እንረሳዋለን።

«አትፈሪ» አሉ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል፣ ፊቴን አይተው። «መጀመሪያ የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ቆርቆሮውን ከፈቱት። ውስጡ ዳርና ዳሩ ቀዳዳ ያለው የድሮ የማተሚያ ወረቀት ታጥፎ ተቀምጧል። «ዓመቱ ዐሥራ ሦስት ወር ነው እያልኩ ለፈረንጅ ስነግር ኖሬ፣ ለቀማሪው ሳልነግረው ቀረሁ። ለሁሉም ሠላሳ፣ ሠላሳ ይላል። እሷ ነሐሴ አንድ ሠላሳ ክኒን ወሰደች፤ ነሐሴ ሲያልቅ አለቀባት። ጳጉሜ አራት ቀን…» ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሳቱ ላይ ወደቅሁ» አለች የማርያምወርቅ፣ በቆሎ እያገላበጠች። «ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ‹እኔ ትቼዋለሁ ጋሼ› እላቸዋለሁ፣ አይሰሙም። በየነሐሴው መጥተው ፖስታዬን ያያሉ። በአንድ እጄም በቆሎ ማገላበጥ አላቃተኝም።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ነሐሴ ላይ የጳጉሜን ቀኖች የሚደምረው መስመር ከሌሎቹ በኋላ የተጨመረ ነው። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃል ተጽፏል፦ «ጳጉሜ። የማርያምወርቅ።» ሌላ ማብራሪያ የለም።

አፈርኩ። ጆሮዬ የጋለው ጠዋት ነው፤ አሁን ግን ሙሉ ሰውነቴ ነበር። ሐምሌን በሙሉ ባቡር ውስጥ ስረግማቸው የነበሩት ሰውዬ፣ ሃያ አራት ዓመት «ስንት አለ?» እያሉ የሚጠይቁት ነሐሴ መጥቶ ሠላሳ አምስት መባሉን ለመስማት ነው። ሌላውን ወር ሁሉ የሚደውሉት ነሐሴን እንዳይስቱት ነው። «አትንኩት» የሚለውን ወረቀት እኔ የኩራት ወረቀት ነው ብዬ ነበር። የፍርሃት ወረቀት ነው።

«ለምን በስልክ አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ብነግርሽ ቁጥሩን ትጽፊው ነበር» አሉ። «እንድታያት ፈልጌ ነው።»

በቆሎውን ቁልቁል እየወረድኩ በላሁት። እሳቸው ጾም ናቸው፤ ፊታቸው ስበላ ጃንጥላውን ብቻ ወደ እኔ አዘነበሉት። ከአስፋልቱ ስደርስ ለፊራኦል ደወልኩለት።

«አንድ መስመር አጠፋለሁ፤ ውሉም ይስተካከላል።»

«ባጉ ተገኘ? ስህተቱ?»

«አዎ።»

«የት?»

«እኔ ጋ።»

ክሊኒኩ ስደርስ በርናባስ መድኃኒት ክፍሉን ሊዘጋ ነው። «በርናባስ፣ በነሐሴ ስንት ስንት ነው የምትቆጥረው?» አልኩት።

«ሠላሳ አምስት ነዋ። ሁልጊዜ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝም» አለኝ፣ ከልቡ ተገርሞ።

«ነገ ወረቀቱ ሠላሳ ብሎ ቢወጣስ?»

ቁልፉን አዞረ። «እኔ ወረቀቱ ያለውን ነው የምቆጥረው» አለ።

ሐሙስ ጠዋት ሥርዓቱ ተጀመረ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። «ስንት አለ?» «ሠላሳ አምስት።» «ጥሩ።» እና ትንፋሽ። መስመሯን አጥፍቼ በምትኩ አንድ ፈተና አስገብቻለሁ፦ በነሐሴ ከሠላሳ አምስት፣ እንደ ዓመቱም ከሠላሳ ስድስት ያነሰ ቁጥር ካለፈ ሥርዓቱ አልነሳም ይላል። ፈተናው የማርያምወርቅ ይባላል። ፊራኦል ስሙን ልቀይረው ሲል «አትንካው» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

ነገሩ ተሠርቷል፣ ተፈትኗል፣ በቃ ያርፋሉ ብላችሁ ይሆናል። አላረፉም። መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ዓመቱን በሙሉ ደወሉ። ቤተሰቦቼ ጋ ለገና ብሄድ ደወሉ። ታምሜ ብተኛ ደወሉ፤ «ስንት አለ?» ካሉ በኋላ ትኩሳቴንም ጠየቁ። ባቡር ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ስልኬ ሲጮኽ በእኔ ፋንታ «ሠላሳ!» ማለት ጀመሩ።

ከዚያ ነሐሴ አንድ ቀን 2017 መጣ። ሐሙስ ነበር። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ስልኬ አልጠራም። ኔትወርክ ይሆናል አልኩ። ሦስት ተኩል ሆነ። ባትሪውን አየሁ፣ ሙሉ ነው። በዓመቱ ውስጥ ሦስት መቶ ጊዜ ምነው ባይደውሉ ብዬ፣ ዛሬ ባለመደወላቸው ሥራ መሥራት አቃተኝ። አራት ሰዓት ሲሆን መድኃኒት ክፍል ደወልኩ።

«በርናባስ፣ ስንት አለ?»

በርናባስ በረጅሙ ተነፈሰ። «ሠላሳ አምስት። አንቺም ጀመርሽ?»

ወዲያው ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ጋ ደወልኩ። ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ዳገት ላይ ነው የሚኖሩት። ገና አንዴ እንደጠራ አነሱት። ስልኩን ይዘው ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

«ደወልሽ?» አሉ።

«ደወልኩ ጋሼ። ምነው ዛሬ ጠፉ?»

«ልጠብቅሽ ብዬ ነው። ስንት አለ?»

«ሠላሳ አምስት።»

«ማን ጠየቀው?»

«እኔ ነኝ የጠየቅሁት።»

«ጥሩ» አሉ። «በይ እንግዲህ ፌበን፣ እኔ ጨርሻለሁ።»

እንደ ወትሮው ትንፋሻቸውን እየሰማሁ ልዘጋ ስል፣ ስልኩን እሳቸው ቀድመው ዘጉት።